ዓይን ቢጫ ሲሆን

ለግሸን ማርያም ንግሥ፣ መስከረም 21 ቀን፣ ከአምባሰል ሸለቆዎች ሽቅብ የሚጓዘው ሕዝብ ለቁጥር ያዳግታል። ከደሴ፣ ከወልድያ፣ ከአዲስ አበባ፣ ባሕር ተሻግሮም ይመጣል። በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋው አምባ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግማደ መስቀሉን ያሳረፉበት ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ የተሳለ ስለቱን ሊያገባ፣ የታመመም ምሕረት ሊለምን ይወጣል። ከሕሙማኑ መካከል ሆዱ ተነፍቶ፣ ክንዱና ደረቱ ከስቶ፣ እግሩ ያበጠ፣ የዓይኑም ነጭ ቢጫ የሆነ ሰው ይገኝበታል።

ለዚህ ሰው በሠፈሩ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጠዋል። አንዱ «የወፍ በሽታ ነው» የሚል ነው፤ የሌሊት ወፍ በላዩ ስትበር ሸንታበት ነው ይባላል። ሌላኛው ፍርድ የባሰ ያቆስላል፤ «መጠጥ አብዝቶ ነው» ይሉታል። ይህን ምዕራፍ የምጽፈው በሁለተኛው ፍርድ ምክንያት ነው። ወሎ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን አልኮል በአፋቸው ያልዞረ ስንትና ስንት ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች በጉበት በሽታ ይሞታሉ። መጠጥ ጉበትን ይጎዳል፣ ይህ እውነት ነው። በሀገራችን ግን ጉበትን የሚያፈርሱት ዋነኞቹ ነገሮች በደም፣ በውኃና በእህል በኩል የሚገቡ ናቸው። በሽተኛውን «ጠጪ» ብሎ ማሸማቀቅ ሕክምና እንዳይሄድ ከማድረግ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቶች ሥር ተሸሽጎ የሚገኝ፣ በአዋቂ ሰው 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን አካል ነው። ከአንጀት የሚመለሰው ደም ልብ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በእርሱ በኩል ማለፍ ግዴታው ነው፤ የበላነውም የጠጣነውም የዋጥነው መድኃኒትም መጀመሪያ የሚፈተሸው እዚያ ነው። ሐሞት ያመነጫል። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል። ለጾም ሰዓት የሚሆን ስኳር ያስቀምጣል። አልቡሚን የሚባለውን፣ ውኃ ከደም ሥር ወጥቶ ሆድና እግር ውስጥ እንዳይጠራቀም የሚይዘውን ፕሮቲንም የሚያዘጋጀው እርሱ ነው። የጉበት በሽተኛ እግሩ ሲያብጥ፣ ቁርጭምጭሚቱን በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀረው በከፊል አልቡሚኑ ስላነሰ ነው።

ይህ አካል ሁለት ጠባይ አለው፤ አንዱ ያድነናል፣ ሌላው ያታልለናል። የሚያድነን እንደገና የማደግ ችሎታው ነው። ጤነኛ ጉበት ግማሹ ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ ቀሪው አድጎ ሥራውን ይቀጥላል። የሚያታልለን ደግሞ ዝምታው ነው። የጉበት ሥጋ ውስጡ ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ የለውም፤ የሚያመው ሲያብጥና መሸፈኛው ሲወጠር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጉበቱ ለ20 ዓመት እየተጎዳ ሊያርስ፣ ሊነግድ፣ ልጅ ሊያሳድግ ይችላል። ጉዳቱ እየተደጋገመ ሲሄድ ጉበቱ በአዲስ ሥጋ ፈንታ ጠባሳ ያበቅላል፤ ጠባሳው ሲበዛ ጉበቱ ይጠነክራል፣ ይኮማተራል። ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት ይህንን ነው።

ቢጫው ከየት ይመጣል? የደማችን ቀይ ሕዋሳት ዕድሜ 120 ቀን ገደማ ነው። ሲያረጁ ይፈርሳሉ፤ ከፍርስራሻቸው ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። ጉበት ይህን ተቀብሎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ያስወግደዋል። ጉበቱ ከታመመ፣ ወይም የሐሞት መውረጃው በጠጠር ከተዘጋ፣ ወይም ወባ የደም ሕዋሳትን በአንድ ጊዜ ብዙ ካፈረሰ፣ ቢጫው በደም ውስጥ ይጠራቀምና ዓይን ላይ ይታያል። እንግዲህ «የወፍ በሽታ» የምንለው የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው። አንዱ በራሱ ጊዜ ይድናል፣ ሌላው ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፣ ሌላው ይገድላል። ዓይን አይቶ ብቻ የትኛው እንደሆነ መለየት ለማንም አይቻልም፤ ደም መመርመር የግድ ነው።

በራሳቸው ከሚድኑት እንጀምር። ሄፓታይተስ ኤ እና ሄፓታይተስ ኢ የተባሉት ቫይረሶች ከሰገራ ወጥተው በውኃና በምግብ ወደ አፍ ይገባሉ። ኤ የተባለውን አብዛኛው ኢትዮጵያዊ በልጅነቱ ሳያውቀው ታሞ አልፎታል። ኢ ግን አዋቂውን ይይዛል። በሀገራችን ይህን በሽታ በጥንቃቄ ካጠኑት ሐኪሞች ግንባር ቀደሙ ጎንደሬው ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የተነሣው የቢጫ በሽታ ወረርሽኝ በዚሁ ቫይረስ የመጣ መሆኑን ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳዩ፤ በነፍሰ ጡሮች ላይ የሚያደርሰውንም ጉዳት አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በጋምቤላ በደቡብ ሱዳን ስደተኞች መካከል ወረርሽኙ ተቀሰቀሰ። ብዙ ሰው፣ ጥቂት መጸዳጃ፣ ያልተጣራ ውኃ፤ ቫይረሱ የሚፈልገው ይህን ነው።

የግሸን ንግሥ የሚውለው ክረምቱ ገና እንደወጣ፣ ጎርፉ የሜዳውን ቆሻሻ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ አጥቦ ባስገባበት ወቅት ነው። ተጓዡ ውኃውን አፍልቶ ወይም «ውኃ አጋር» በሚባለው የውኃ ማከሚያ አክሞ ይዞ ቢወጣ፣ ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ቢታጠብ፣ ከኮሌራም ከሄፓታይተስም ራሱን ይጠብቃል። በተለይ ነፍሰ ጡር ተጓዥ ይህን ልብ ትበል። ሄፓታይተስ ኢ ሌላውን ሰው ለጥቂት ሳምንታት አስተኝቶ ይለቀዋል፤ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ያለችን ሴት ግን ከአራት ወይም ከአምስት አንዷን እስከ መግደል ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መግለጥ ይገባል። ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ በአብዛኛው ሰው ላይ ያለ ምንም መድኃኒት በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ በሽተኛው በአፍንጫ የሚሳብ ቅጠል ቢሰጠው፣ የሚያስመልስ ወይም የሚያስቀምጥ ሥር ቢጠጣ፣ ሲድን ምስጋናውን የሚወስደው መድኃኒተኛው ነው። «የወፍ መድኃኒት» ስሙ የገነነው በዚህ መንገድ ነው። መድኃኒተኞቹ ሁሉ አታላዮች ናቸው አልልም፤ አብዛኞቹ ያዩትን ነው የሚያምኑት። ነገር ግን የታመመ ጉበት እያንዳንዱን ቅጠልና ሥር ራሱ መፈተሽ አለበት፤ ከመካከላቸው ጉበትን በቀጥታ የሚመርዙ አሉ።

ዕፅ ጉበትን ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ትግራይ ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ በጸዳ እምባ መንደርና በአካባቢው፣ ሰዎች ሆዳቸው በውኃ እየተነፋ ይሞቱ ጀመር። ቤተሰብ በሙሉ ይታመም ነበር። ቫይረስ ተፈለገ፣ ትል ተፈለገ፣ አልተገኘም። ከዓመታት ምርመራ በኋላ ጣት የተቀሰረው ከእህሉ ጋር አብሮ በሚበቅል፣ አጄራተም በሚባል አረም ላይ ነው። የአረሙ ዘር ከእህል ጋር ተወቅቶ፣ ተፈጭቶ፣ እንጀራ ሆኖ ይበላ ነበር። በውስጡ ያለው መርዝ የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይደፍናል። አውድማ ላይ እህልን ማበጠርና አረምን መልቀም የጉበት ጥበቃ ሆኖ የተገኘበት ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ገዳይ እንምጣ፤ ሄፓታይተስ ቢ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 254 ሚሊዮን ሰው ከዚህ ቫይረስ ጋር እንደሚኖር ገምቷል። በኢትዮጵያ የተካሄዱ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ከ100 ሰው ሰባት ያህሉ ቫይረሱን ተሸክሟል። በአንድ ትልቅ ዕድር ውስጥ ስንት ሰው እንደሆነ አንባቢ ራሱ ያስላው። አብዛኞቹ ይህን አያውቁም።

ቫይረሱ በደምና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች ይተላለፋል፤ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ በግብረ ሥጋ፣ በስለት። ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ የደም ጠብታ ላይ እንኳ፣ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። ዋገምት የሚያወጣውን ሰው እዚህ ላይ እናስብ። በምላጭ ቆዳውን በጣ በጣ ያደርገዋል፣ ቀንዱን ይደፋበታል፣ በአፉ አየሩን ይስባል፣ ደሙ ቀንዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ቀጥሎ ላለው ሰው ቀንዱ በውኃ ይለቀለቃል፤ ምላጩም ገና ስለታም ነው ተብሎ ይቆያል። በዓይን የማይታይ የደም ቅሪት ለቫይረሱ በቂው ነው። እንጥል ማስቆረጥ፣ በአንድ ምላጭ ብዙ ሕፃናትን መግረዝ፣ በአንድ መርፌ ንቅሳት መነቀስ፣ የፀጉር ቤት ምላጭና መቀስ፣ ሁሉም ከዚሁ ተራ ናቸው።

የማይተላለፍበትንም መናገር እኩል ያስፈልጋል። አንድ ማዕድ በመቁረስ፣ በአንድ ሲኒ ቡና በመጠጣት፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ፣ መስቀል በመሳለም፣ በአንድ ቤት በማደር አይተላለፍም። ቫይረሱ የተገኘባትን ሴት ሳህኗን መለየት፣ የተገኘበትን ወጣት ከቤት ማስወጣት ግፍ ነው፤ ማንንም ከበሽታው አያድንም።

በወሎ ይህ ግፍ የራሱ መልክ አለው። ከአምባሰል፣ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦ ወጣት ሴቶች ወደ ዓረብ ሀገር ለሥራ ይሄዳሉ። ከመሄዳቸው በፊት የጤና ምርመራ ግዴታ ነው፤ ሄፓታይተስም ከሚታዩት አንዱ ነው። የተገኘባት ልጅ «ሜዲካል ወደቀች» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚነገራት ያችው አንዲት ቃል ናት። ምን እንደተገኘባት፣ ሐኪም ማየት እንዳለባት፣ ባሏና ልጆቿ ተመርምረው መከተብ እንደሚገባቸው የሚያስረዳት ሰው ሳታገኝ፣ ለጉዞው የተበደረችውን ዕዳ ተሸክማ ወደ ቀዬዋ ትመለሳለች። ጉዞው ቀርቶባት ከሆነ ቢያንስ ይህ ዕውቀት ሊቀርባት አይገባም ነበር። ያ ወረቀት ከ20 ዓመት በኋላ ከሚመጣ ካንሰር ሊያድናት የሚችል ማስጠንቀቂያ ነው።

ቫይረሱ ያለበት ሁሉ አይታመምም፤ ሁሉም መድኃኒት መጀመር አያስፈልገውም። ነገሩን የሚወስነው በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ የጉበት ኢንዛይሞች ልክና የጠባሳው ደረጃ ነው። መድኃኒት ለሚያስፈልገው ቴኖፎቪር የሚባል፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን አለ፤ ለኤችአይቪም የሚሰጠው ራሱ ነው። ቫይረሱን ጨርሶ አያጠፋውም፣ ግን ያስተኛዋል፤ ጉበቱም እፎይ ይላል። በአዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የሕክምና መርሐ ግብር ይህ ሥራ በመንግሥት ሆስፒታል፣ በእኛው ሐኪሞች ሊከናወን እንደሚችል ለብዙ የአፍሪካ ሀገሮች አሳይቷል። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ወሬ አለው፤ በ8 ወይም በ12 ሳምንት ክኒን ከ100 ሰው ከ95 የሚበልጠው ፈጽሞ ይድናል።

ሄፓታይተስ ቢን በሚመለከት ዕድሜ ብዙ ነገር ይወስናል። አዋቂ ሆኖ የተያዘ ሰው ከ100 ከ95 በላይ በሚሆነው ሁኔታ ቫይረሱን በራሱ ያስወግደዋል። በወሊድ ጊዜ የተያዘ ሕፃን ግን ከ10 ዘጠኙ ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሄፓታይተስ ቢን ክትባት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ከሚሰጠው የአምስት በሽታዎች ክትባት ጋር አዋህዳ ትሰጣለች። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በምጥ ሰዓት የገባ ቫይረስ ስድስት ሳምንት አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት እንዲያገኝ የሚመክረው ለዚህ ነው። በቤት መውለድ ከሚያስከትላቸው ጉዳቶች መካከል ይህም ይቆጠር።

ከግሸን አምባ ወርደን ወደ ሐይቅ ስንሄድ ሌላ የጉበት ጠላት ይጠብቀናል። የሐይቅ ከተማ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳሙን ያስፋፉበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ጎረቤት፣ የብልሃርዝያ መገኛ መሆኗን ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ አድርገዋል። የብልሃርዝያ ትል ጨው አልባ ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ያድጋል፤ ከዚያ ወጥቶ ልብስ የምታጥበውን ሴት፣ የሚዋኘውን ልጅ፣ መስኖ የሚያጠጣውን ገበሬ ቆዳ በስቶ ይገባል። አድጎ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ፣ ወንዱና ሴቷ ተቃቅፈው፣ ለዓመታት እንቁላል ይጥላሉ። ከእንቁላሎቹ ከፊሉ በሰገራ ይወጣል፤ የቀረው በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ቦይ በደለል ሲደፈን ከሚሆነው ጋር አንድ ነው። ውኃው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ባልተዘጋጀለት ጎን ጥሶ ይወጣል። በእንቁላሎቹ ዙሪያ ጠባሳ ይበቅልና ወደ ጉበት የሚገባው ዋናው የደም ሥር ይጠባል፤ ደሙ ተመልሶ ጣፊያን ያሳብጣል፣ በጉሮሮ ቧንቧ ግርጌ ያሉትን ስስ የደም ሥሮች ይወጥራል። አንድ ቀን አንዱ ይፈነዳል፤ ሰውየው ደም ያስመልሳል። ዓይኑ ቢጫ ላይሆን ይችላል፤ የጉበቱ ሕዋሳት ገና እየሠሩ ነውና። ሠፈሩ ግን ደም ሲያስመልስ ያየውን ሰው ሳምባ ነቀርሳ ነው ይለዋል፣ ወይም መጠጥ አቃጥሎት ነው ይለዋል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ትሉን በጊዜ ይገድለዋል፤ የበቀለውን ጠባሳ ግን ሁሉንም አይመልሰውም።

ይህን በሽታ ባነሣን ቁጥር ዶክተር አክሊሉ ለማን ማንሣት ግድ ይለናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ሆነው ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እናቶቻችን ሸማ ሲያነጡበት የኖሩት ፍሬ የብልሃርዝያን ተሸካሚ ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ ያቋቋሙትም የፓቶባዮሎጂ ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እንዶድ ግን በስፋት ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ይህ ያሳዝነኛል፤ መፍትሔው በጓሯችን በቅሎ ሳለ ልጆች ዛሬም በዚያው ውኃ ይያዛሉ።

በእህል በኩል የሚመጣው ሌላው አደጋ ሻጋታ ነው። በጉድጓድ ወይም እርጥበት ባለበት ጎተራ የከረመ ማሽላና በቆሎ፣ በደንብ ያልደረቀ ለውዝና በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያበቅላል። ምግብ ማብሰል አያጠፋውም። ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ሲጨመር የጉበት ካንሰርን አደጋ እጅግ ያበዛዋል። በአዲስ አበባና አካባቢዋ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ጥናት መርዙን በወተት ውስጥ አግኝቶታል፤ መነሻው ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። የሸገተ እህል ለከብት ይሰጥ ብሎ ማለፍ እንግዲህ በወተት መልሶ መጠጣት ነው።

ጫትስ? በሐረር በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ይዟቸው ከመጡት ከግማሽ በላይ በሆኑት የታወቀ ምክንያት አላገኙም፤ አብዛኞቹ ወንዶችና ጫት ቃሚዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት የሚቃመው በጨመረ ቁጥር አደጋውም እንደሚጨምር አሳየ። ጫት በደሴና በቃሉ ገበያ የሚያገኘውን ገንዘብ የሚያውቅ ሰው ይህን መስማት እንደማይወድ እረዳለሁ። መነገር ግን አለበት። አረቄና ቢራ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጡ ጉበትን በስብ ሞልተው ወደ ጠባሳ ይወስዱታል፤ በከተማ ደግሞ ውፍረትና የስኳር በሽታ ያለ መጠጥ ያንኑ ያደርጋሉ።

በመጨረሻ የበዓል በግ። ሆዱ ተከፍቶ ጉበቱ ሲወጣ ገልብጡና እዩት። የሐሞት መውረጃዎቹ ደድረው፣ ሲቆረጡ ጠፍጣፋ ቅጠል መሳይ ትል ከወጣባቸው፣ ይህ የጉበት ትል ነው፤ በጉ ረግረግ ዳር ካለ ሣር ያገኘው ነው። ንጹሕ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ካለ ደግሞ የውሻ ትል ነው። ሰው ይህን ከረጢት ቆርጦ ለውሻ ይጥላል፤ ስሕተቱም ይኸው ነው። በውሻው አንጀት ትሉ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከውሻው ሰገራ ወደ ልጆች እጅና ወደ ሰላጣ ይደርሳል፣ ከዓመታት በኋላ ያው ከረጢት በሰው ጉበት ውስጥ ይበቅላል። ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር።

ጸበልና ሕክምና አይጣሉም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል፤ ለጉበት ሕመምተኛም ምክሩ ያው ነው። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታችሁ ከጠቆረ፣ ሆዳችሁ ከተነፋ፣ ከግሸን በፊት ወይም ከግሸን በኋላ ጤና ተቋም ድረሱ። ደም ማስመለስ፣ የጥቁር ሰገራ መውጣት ወይም የአእምሮ መደናገር ከመጣ ግን አትዘግዩ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። ምንም ሕመም የማይሰማችሁም ሰዎች ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይደረግልኝ በሉ። ከጣት የሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም ነው፤ ውጤቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ነፃ ከሆናችሁ ተከተቡ፤ ከተገኘባችሁ የትዳር ጓደኛችሁንና ልጆቻችሁን አስመርምሩ፣ በየጊዜው የሚከታተላችሁ ሐኪም ይኑራችሁ።